ባቡሩ ሲቀር ማንን እንጠይቅ?

ስለ አዲስ አበባ ቀላል ባቡር ወሬ ከተነሳ ጥፋተኛ አይጠፋም። አንዱ «ቻይና የማይረባ ዕቃ ሸጠችልን» ይላል። ሌላው «መብራቱ ነው እንጂ ባቡሩማ ደህና ነበር» ይላል። ቲኬት ሳይቆርጡ የሚሳፈሩትን የሚረግምም አለ። ከዚያ አንድ ሰው ይነሳና «ዶላር የለም፣ ምን ይደረግ?» ብሎ ወሬውን ይዘጋዋል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ የመጨረሻው ነው። ዶላር እንደሚያጥረን እኮ ባቡሩ ሲገዛም ይታወቅ ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ ያለው መስመር ሥራ የጀመረው መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ጥቅምት 29 ደግሞ ከአያት ጦር ኃይሎች ያለው ተከተለ። ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች የመጀመሪያው ዘመናዊ ቀላል ባቡር ተብሎ ዓለም ሁሉ ጻፈለት። ወደ 34 ኪሎ ሜትር ሐዲድ፣ 39 ጣቢያ፣ 41 ባቡር። ወጪው 475 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን 85 በመቶው ከቻይናው ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነው። እነዚህን ቁጥሮች ያዟቸው፣ በተለይ 41ዱን፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ያን ጊዜ የነበረው ደስታ የምር ነበር። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነስቶ የታክሲ ሰልፍ ለሚይዝ ሰው፣ ከአያት ሜክሲኮ ለመድረስ መገናኛ ላይ ወርዶ እንደገና ለሚሰለፍ ሰው፣ ባቡር ማለት ትልቅ እፎይታ ነው። ማታ ማታ ሚኒባሶች መንገድ እንደሚቆራርጡ የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም። በአንድ ታክሲ የሚያልቀው መንገድ ሁለትና ሦስት ታክሲ ይሆናል፣ ዋጋውም በዚያው ልክ። ባቡሩ ሲጀምር ዋጋው እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። በ6 ብር ከተማውን ከዳር እስከ ዳር ታቋርጡ ነበር። በአትክልት ተራ የምትነግድ እናት፣ ቃሊቲ ፋብሪካ የሚሠራ ወጣት፣ ከሳሪስ ልደታ የሚመላለስ ተማሪ፣ ሁሉም ኑሮውን በዚህ አስተካከለ። ቤት የሚከራይ ሰው «ለባቡር ቅርብ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ጀመረ። ሰው ኑሮውን ባቡሩ ላይ ከተከለ በኋላ ነው እንግዲህ ባቡሩ መጥፋት የጀመረው።

ዓመታት ሲሄዱ ባቡሮቹ አንድ በአንድ ዴፖ (ማደሪያና መጠገኛቸው) ገብተው ቀሩ። ከ41ዱ ውስጥ የሚሠሩት ከግማሽ በታች የሆኑበት ጊዜ መጣ። ምክንያቱ በተደጋጋሚ በይፋ ተነግሯል፦ የመለዋወጫ እጥረት።

የባቡር ቁጥር ሲቀንስ የተሳፋሪው ቀን እንዴት እንደሚበላሽ ልንገራችሁ። አንዱ መስመር ርዝመቱ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደርሶ መልስ 2 ሰዓት ይፈጃል እንበል። በዚያ መስመር ላይ 20 ባቡር ካለ በየ6 ደቂቃው አንድ ይመጣል ማለት ነው። 6 ብቻ ከቀሩ በየ20 ደቂቃው። ይሄ ወረቀት ላይ ነው። በተግባር 20 ደቂቃ ሙሉ የተጠራቀመ ሰው አንዱ ባቡር ላይ ሲጋፋ በሩ አይዘጋም፣ ባቡሩ እያንዳንዱ ጣቢያ ላይ ከሚገባው በላይ ይቆማል፣ የሚቀጥለው ጣቢያ ላይ ያለው ሰው በዚያው ልክ ይበዛል። መሃል መንገድ ላይ ያለው፣ ለምሳሌ ጉርድ ሾላ ወይም ሳሪስ የሚጠብቅ ሰው፣ ባቡሩ መጣ ብሎ ሲነሳ መግቢያ የለውም፤ ያሳልፈዋል። ሌላ 20 ደቂቃ። በሰዓት ፈርሞ ለሚገባ ሠራተኛ ሁለት ባቡር ማሳለፍ ማለት ከደመወዝ መቆረጥ ነው።

ሌላም አለ። ሁለቱ መስመሮች ከስታዲየም እስከ ልደታ ባለው ክፍል አንድ ሐዲድ ይጋራሉ፣ ርቀቱ 3 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ታክሲ ሲበላሽ ገፍተው ዳር ያወጡታል፣ ሌላው ያልፋል። ባቡር ግን ከፊቱ የቆመውን መቅደም አይችልም። ስለዚህ አንድ ባቡር ለገሃር ላይ ቢቆም አያት ያለውም ቃሊቲ ያለውም ተሳፋሪ እኩል ይጎዳል። መብራት ሲቋረጥም እንደዚያው ነው። ባቡሩ የሚሄደው ከላዩ በተዘረጋው የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው፣ ኃይል ከሌለ የትም አይሄድም። መኪና አጥሩን ጥሶ ሐዲዱ ላይ ሲወጣ፣ ሌባ ኬብል ቆርጦ ሲሄድ፣ ሁሉም ተደምሮ እዚያው ሰልፉ ላይ ቆሞ የሚጠብቀው ሰው ላይ ነው የሚወድቀው።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ፣ ምክንያቱም ዋናው ጉዳይ እዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ባቡሩ ሥራ ሲጀምር 1 ዶላር ወደ 21 ብር ገደማ ነበር። የ2 ብር ቲኬት ማለት እንግዲህ የዶላር አንድ አሥረኛ አካባቢ ነው። በዚህ ቲኬት ነበር የኤሌክትሪክ ፍጆታ የሚከፈለው፣ የአሽከርካሪውና የቴክኒሻኑ ደመወዝ የሚወጣው፣ ጽዳቱና ጥበቃው የሚሸፈነው። ከዚያ ደግሞ ፍሬኑና ከብረት የተሠራው ጎማው፣ በየጊዜው የሚበላውና የሚቀየረው ሁሉ፣ ከውጭ በዶላር ይገዛል። ብድሩም በዶላር ነው የሚመለሰው። ብር ደግሞ ከዚያ ወዲህ ያለማቋረጥ ወደቀ፤ ሐምሌ 2016 የምንዛሪው ገበያ ሲለቀቅ ከ57 ብር ተነስቶ 100ን ለመሻገር ጊዜ አልፈጀበትም። ያው መለዋወጫ፣ በብር ሲታሰብ፣ ባቡሩ ከተጀመረበት ቀን ጋር ሲነጻጸር አምስት እጥፍና ከዚያ በላይ ሆነ።

ይሄን ሒሳብ ለመሥራት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። 2 እና 4 ብር የሚያስከፍል ባቡር ራሱን ችሎ እንደማይኖር ከመጀመሪያው ቀን ግልጽ ነበር። ዋጋውን ዝቅ ማድረጉ ትክክል ነበር እላለሁ፣ የሕዝብ ትራንስፖርት ለደሃ መቅረብ አለበት። ግን ዋጋውን ዝቅ ያደረገ አካል ጉድለቱን ከየት እንደሚሞላ አብሮ መወሰን ነበረበት። በየዓመቱ ይህን ያህል ብር ከበጀት፣ ይህን ያህል ዶላር ለመለዋወጫ ተብሎ ተጽፎ መቀመጥ ነበረበት። 41 ባቡር በብድር ገዝቶ፣ ለጥገናው አስተማማኝ በጀትና የውጭ ምንዛሪ ሳይያዝለት ሥራ ማስጀመር፣ ባቡሩ ከጥቂት ዓመት በኋላ እንደሚቆም እያወቁ መወሰን ነው። እኔ ዋናው ተጠያቂ ይህን የወሰነው ነው እላለሁ። ያ ደግሞ ግለሰብ አይደለም፣ መንግሥት ነው። ትናንት የነበረውም፣ ችግሩን ተረክቦ እያየ የቆየውም።

ኃላፊነቱን ለማግኘት ግን ስንት በር ማንኳኳት እንዳለብን ተመልከቱ። ባቡሩን ያሠራው የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን ነው። የገነባው የቻይናው የግንባታ ኩባንያ ሲሬክ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሲሬክና የሼንዘን ሜትሮ ግሩፕ በውል እያንቀሳቀሱት ኢትዮጵያውያንን አሠለጠኑ። በኋላ ባቡሩ ወደ ከተማ አስተዳደሩ ተላለፈ። የውጭ ምንዛሪ በብሔራዊ ባንክና በባንኮች እጅ ነው። መብራቱ በሌላ ተቋም። ተሳፋሪው ፊት ለፊት የሚያገኘው ግን ማንን ነው? በትንሿ ኪዮስክ ውስጥ ቲኬት የምትሸጠውን ልጅ። ስድቡም ቁጣውም እሷ ላይ ያርፋል። እሷ ዶላር አልያዘች፣ ዋጋ አልወሰነች፣ ባቡር አልገዛች። እባካችሁ እነዚህን ልጆች ተዉአቸው። ቴክኒሻኖቹንም እንደዚያው፤ መለዋወጫ በሌለበት ያለውን ባቡር እያገላበጡ መንገድ ላይ የሚያቆዩት እነሱ ናቸው።

«ቻይና ናት» ለሚሉት ደግሞ፦ ዕቃው ጥራት ጎድሎት ከሆነ እኮ ተቀብሎ የፈረመ አለ። ሻጭ የሚሸጠውን ነው የሚያቀርበው። የመለዋወጫ አቅርቦት ለስንት ዓመት፣ በምን ዋጋ፣ ከሌላ አምራች መግዛት ይቻላል ወይስ አይቻልም የሚለውን ውል ላይ ማስገባት የገዢው ሥራ ነው። አንድ ፋብሪካ ብቻ የሚሠራውን ዕቃ የገዛ ሰው ከዚያ ፋብሪካ ጋር ተጋብቷል፤ ጋብቻው ምን ምን እንደሚጠይቅ አስቀድሞ ማወቅ ነበረበት።

ቲኬት ሳይቆርጡ የሚሄዱትም አሉ፣ አልክድም፣ ልክም አይደለም። ግን ሒሳቡን አይታችኋል። ሁሉም ሰው ቢከፍል እንኳ በዚያ ዋጋ አንድ ባቡር ጎማውን ማስቀየር አይችልም። ቲኬት የማይቆርጠውን መቆጣጠር አንድ ነገር ነው፤ የባቡሩን ውድቀት በሙሉ እሱ ትከሻ ላይ መጫን ግን ጥያቄውን ማስረሻ ነው የሚሆነው።

«ታዲያ ዋጋ ይጨመራ!» የሚሉኝ ጓደኞች አሉ። ይጨመር፣ ግን በምን ላይ? ባቡሩ በሰዓቱ የማይመጣ ከሆነ ተጨማሪ ብር የሚከፍለው ሰው ምን አገኘ? ከዋጋው በፊት ምን ያህል ገቢ እንደሚገባ፣ ምን ያህል ለጥገና እንደሚሄድ፣ ስንት ባቡር ተጠግኖ እንደተመለሰ ለሕዝብ ይነገር። ያን ያየ ሰው ይከፍላል። ለከተማ አውቶቡስ ድጎማ የሚሰጥ ከተማ ለባቡር የማይሰጥበት ምክንያት አይታየኝም። እንዲያውም በአንድ ጉዞ የሚጭነውን ሰው ብዛት ስታዩ፣ ድጎማ የሚገባው መጀመሪያ ለባቡሩ ነው።

አሁን አሁን «ይነቀልና በቦታው አውቶቡስ ይግባበት» የሚል ሐሳብም እየሰማሁ ነው። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል። ከተማው ለዚህ ሐዲድ የከፈለው ዶላር ብቻ አይደለም። ሰፈሮች በአጥር ተከፍለዋል። በፊት ተሻግሮ የሚገዛ ሰው ዛሬ ማቋረጫ ፍለጋ ረጅም መንገድ ይዞራል፤ ሱቆች ደንበኛ አጥተዋል፣ ደረጃ መውጣት የማይችሉ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ከፍ ያሉትን ጣቢያዎች መጠቀም ይከብዳቸዋል። ይሄ ሁሉ ተከፍሎ አልቋል። ሐዲዱ አለ፣ ጣቢያው አለ፣ የሠለጠነ ሰው አለ። የጎደለው የሚሠራ ባቡር ነው። ቤት ሠርቶ በር ስላልተገጠመ ቤቱን የሚያፈርስ ሰው አላየሁም።

እስከዚያው ግን አንድ ነገር ነገውኑ መጀመር ይቻላል፣ ዶላርም አይጠይቅም። ጠዋት ከቃሊቲና ከአያት ዴፖ ስንት ባቡር እንደወጣ ይታወቃል፤ ሳይታወቅ አይወጣም። ያን ቁጥር ንገሩን። «ዛሬ በዚህ መስመር 6 ባቡር አለ፣ በየ20 ደቂቃው ይመጣል» የሚል ጽሑፍ። ሰው ይህን ካወቀ ወይ ቀደም ብሎ ይወጣል፣ ወይ በጊዜ ወደ ታክሲ ሰልፍ ይሄዳል። ብዙ ሰው የሚናደደው ባቡሩ በመዘግየቱ ብቻ አይመስለኝም። ይመጣል አይመጣም ሳይባል፣ ታክሲውም ባቡሩም አምልጦት መቆሙ ነው የሚያበሽቀው። ባቡር መሃል መንገድ ላይ ሲቆምም እንደዚሁ፦ ምን ሆነ፣ ስንት ደቂቃ ይፈጃል፣ ወርዶ በእግር መሄድ ይሻላል ወይ? ውስጡ ድምፅ ማጉያ አለ እኮ።

በየወሩ ደግሞ አንድ ገጽ ይውጣ። ከ41ዱ ስንቱ ይሠራል፣ ስንቱ ምን አጥቶ ቆሟል፣ ለዚያ ዕቃ ስንት ዶላር ተጠየቀ፣ ማን ፈቀደ፣ ማን ከለከለ። ይሄ ሲጻፍ «ማንን እንጠይቅ?» የሚለው ጥያቄ ራሱ ይመለሳል፣ ምክንያቱም ወረቀቱ የትኛው ጠረጴዛ ላይ እንደቆመ ይታያል። ምክር ቤት የገባችሁ የአዲስ አበባ ተመራጮች፣ ይህን ገጽ መጠየቅ የእናንተ ሥራ ነው። ለመጀመር አያት፣ መገናኛ፣ ስታዲየም፣ ልደታና ቃሊቲ ላይ አንድ አንድ ሰሌዳ ይበቃል።