የፊቱ ወደ ኋላ፣ የኋላው ወደ ፊት፦ የላንድ ሮቨሬ ዲፈረንሻል ነገር

መኪናዬ ላንድ ሮቨር ሲሪስ 3 ነው፤ አጭሩ፣ 88 የሚባለው። ስገዛውም የኋላ ዲፈረንሻሉ፣ ማለትም የሞተሩን ኃይል ለሁለቱ ጎማዎች የሚያከፋፍለው የጥርስ ስብስብ፣ ይጮህ ነበር። ነዳጅ ሲሰጠው ያላዝናል፤ እግር ሲነሳለት ዝም ይላል። ይህ ልዩነት ብዙ ይናገራል። ነዳጅ ሲሰጠው ብቻ ከጮኸ፣ ብዙ ጊዜ የተበላው የኮሮናው (የትልቁ ክብ ጥርስ) እና የፒኞኑ (እሱን የሚያዞረው ትንሹ ጥርስ) አንደኛው ጎን ነው።

የመኪና መለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ወርጄ ጠየቅኩ። ያገለገለ አይጠፋም፤ ግን ማን እንዴት እንደነዳው የሚያውቅ የለም። ዋጋውም አይቀመስም። ነገሩን ያቀለለልኝ ጎባ ያሉ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ናቸው። «ልጄ፣ ሌላ ዲፈረንሻል ምን ያደርግልሃል? ከፊት አንድ አለህ አይደል!» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። በደህና መንገድ ይህን መኪና የሚገፋው የኋላው ብቻ ነው። አራቱንም ጎማ የሚያሠራው ቢጫው እጀታ ካልተጫነና ከባዱን ማርሽ ከአራቱ ጎማ ጋር የሚያስገባው ቀዩ ካልተሳበ፣ የፊቱ ከጎማው ጋር አብሮ ይዞራል እንጂ ሸክም የለበትም። 88 ላይ ደግሞ ሁለቱ አንድ ዓይነት ናቸው። ደስ የሚለው ሌላ ነው፦ ፊት ላይ ፒኞኑ ወደ ኋላ ዞሮ ስለሚታሰር፣ ወደፊት ሲነዳ የሚጫነው የጥርሱ ሌላኛው ጎን ነው። ስለዚህ የተበላው ዲፈረንሻል ፊት ሲገባ ባልተበላው ጎኑ ይሠራል። ረጅሙ 109 ያላችሁ ግን አትቸኩሉ። ሲሪስ 3 ከሆነ የኋላው ሳሊስበሪ የሚባል ሌላ ዓይነት ነው፤ አይለዋወጥም።

ከመፍታት በፊት ጥርሱን ማመሳከር ግድ ነው። የኛ አገር አሮጌ መኪና ሆድ ውስጥ ምን እንደተገጠመ አይታወቅም። አንዱን ጎማ በክሪክ አንስቼ፣ ፒኞኑ ላይ በጠመኔ ምልክት አደረግኩና ጎማውን ሁለት ዙር አዞርኩት። ሌላኛው ጎማ መሬት ይዞ ስለቆመ፣ የአንዱ ሁለት ዙር የኮሮናው አንድ ዙር ነው። ፒኞኑ አምስት ዙር ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ቆመ። ኮሮናው አንዴ ሲዞር ፒኞኑ 4.7 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። የፊቱም እንደዚያው ሆነ። ከፊትና ከኋላ የተለያየ ቁጥር ቢኖር፣ በአራት ጎማ ደረቅ መንገድ ላይ ሲነዳ ሁለቱ ይጎታተቱና አንድ ነገር ይሰብራሉ።

የኋላውን መፍታት ቀላል ነው። ዘይቱን አፍስሶ፣ በየጎማው መሃል ያሉትን 6 ቡሎኖች ፈትቶ አክስሎቹን፣ ማለትም ከዲፈረንሻሉ ወደ ጎማ የሚሄዱትን ዘንጎች፣ ወደ ውጭ መሳብ ነው። ጎማ እንኳ አይወልቅም። ቁልፍ ላይ ግን ጣጣ አለ፤ መኪናው የኢንች ነው። ከካምቢዮ የሚመጣው ዘንግ ዳዶ 9/16 ይፈልጋል። የሚሊሜትሩ 14 አይገባም፤ 15 ይላላና ጥጉን ይልጠዋል።

የፊቱ ላብ ያስወጣል። ጎማ፣ ታምቡር፣ የጎማ ኩሽኔታ ሁሉ ወጥቶ ነው አክስሉ ክሮቸራውን (የሚተጣጠፈውን መጋጠሚያ) ይዞ የሚመጣው። የፍሬኑን ሳህን ቱቦውን ሳልፈታ በሽቦ ባሌስትራው ላይ አንጠለጠልኩት፤ ፍሬን አየር የማስወጣት ሥራ ቀረልኝ።

ሁለቱን ጆንያ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጠን በባትሪ አየናቸው። የኋላው ጥርስ በአንድ ጎኑ በመርፌ የተወጋ ይመስል ተቦርቡሯል፤ ጥፍር ሲያልፍበት ይይዛል። ሌላኛው ጎኑ ለስላሳ ነው። የፈሰሰው ዘይት ውስጥ የብረት ብናኝ ያብለጨልጫል። የፊቱ ጥርስ ግን ምንም አልሆነም።

አጠገባችን የነበረ ወጣት መካኒክ «ለምን ኮሮናውን ብቻ አንቀይርም?» አለ። እኔ በዚህ አልስማማም። ኮሮናና ፒኞን አብረው የተፈጩ ጥንዶች ናቸው። ሲነጣጠሉ በደንብ አይነካከሱም፤ በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተትም በ0.20 እና በ0.25 ሚሊሜትር መካከል ካልተስተካከለ ጩኸቱ ይብሳል። ሙሉውን ሳይከፈት ማዛወር ነው የሚያዋጣው።

ሲገጠም ጓርኒሲዮን (በመጋጠሚያው መሃል የሚገባው ወረቀት) እና የፒኞን ፓራዎሊዮ (ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘው ቀለበት) አዲስ ሆኑ። የአክስሉ ቤት ላይ ያለችው የአየር መተንፈሻም በጭቃ ተደፍና ነበር። እሷ ስትደፈን የሞቀው አየር ዘይቱን በፓራዎሊዮ ይገፋዋል። ዲፈረንሻሉን የበላው የዘይት እጦት ሳይሆን አይቀርም። ሁለቱም 90 ዘይት፣ እያንዳንዳቸው ወደ 1.75 ሊትር ይወስዳሉ።

አሁን የኋላው ጸጥ ብሏል። ፊት የገባውም ዳገት ላይ ድምፅ የለውም። ከባሌው ሳኔቲ አምባ ወደ ሪራ በከባድ ማርሽ ስወርድ ግን ሞተሩ ሲይዘው የተበላው ጎን ይጫናልና ትንሽ ያንጎራጉራል። ቁልቁለቱ ሲያልቅ ቀዩን እመልሳለሁ፤ ያቆማል።