መርቆሬዎስ ከጨለማው ማዶ

ላሊበላ የመጣ ሁሉ ቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ላይ ቆሞ ፎቶ ይነሣል፤ እኔም ዛሬ ተነሥቻለሁ። ልቤን የወሰደው ግን ቤተ መርቆሬዎስ ነው። ከቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ወደዚያ የሚያሻግረው ዋሻ ድቅድቅ ጨለማ ነው፤ ግድግዳውን እየዳበሱ ያልፉታል። (የስልክ መብራት ማብራት ነውር መስሎ ታየኝ።)

ቅዱሱ በ3ኛው መቶ ዘመን፣ በዳኬዎስ ዘመነ መንግሥት፣ ለጣዖት አልሠዋም ብሎ አንገቱን የሰጠ የሮም ወታደር ነው። ሠዓሊዎቻችን በጥቁር ፈረስ ተቀምጦ ከሃዲውን የሮም ንጉሥ ዑልያኖስን ሲወጋ ይሥሉታል።

ሕንፃው ከፊሉ ፈርሶ በግንብ ተጠግኗል። የእግር ብረት ስለተገኘበት፣ ቀድሞ እስር ቤት ወይም ፍርድ ቤት ሳይሆን አይቀርም የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። እኔ ወደ ፍርድ ቤቱ አደላለሁ፤ ለወህኒ ዓምዶቹ እጅግ አምረዋል።