ጋሼ እና ፋስት ማዝ

ነገሩ ቆይቷል ግን ትዝ ሲለኝ አሁንም ያናድደኛል፣ ከዛ ያስቀኛል። አንዲት ትንሽዬ ኦፕን ሶርስ የድምፅ ላይብረሪ አለች፣ ፊልተር፣ ሪቨርብ (ማስተጋቢያ) ምናምን ያላት፣ ኮዱ እንዴት እንደሚገጣጠም የሚጻፍበትን የሲሜክ ፋይሏንና የኮምፓይለር ፍላጎቿን የምጠብቀው እኔ ነኝ (ፍላጎች ስል ኮዱን ወደ ፕሮግራም ለሚቀይረው ኮምፓይለር የሚሰጥ ትዕዛዝ፣ የፍላግ ብዙ ቁጥር ነው እንጂ ፍላጎት አይደለም፣ ፍላጎትማ ማንም የለውም፣ ለዛ ነው ለኔ የቀረው)። የሪቨርቡን ሒሳብ የሚጽፉት አሜሪካ ያሉ ትልቅ ሰው ናቸው፣ በአካል ተገናኝተን አናውቅም፣ ጋሼ ነው የምላቸው።

አንድ ቀን የአንድ መስመር ፒአር (የኮድ ለውጥ ጥያቄ) ላኩ። ሪሊዝ ቢልዱ (ለተጠቃሚ የሚወጣው) ላይ ከኦ2 (ከተለመደው የማፍጠኛ ፍላግ) ጎን ፋስት ማዝ (የሒሳብ ደንቦችን አላልቶ የሚያፈጥን ፍላግ) ጨምረዋል፣ ማብራሪያው "ሪቨርቡ ፈጠነ"፣ አለቀ። እኔ ይሄን ፍላግ አላምነውም፣ ኮምፓይለሩን "ናንም ኢንፊኒቲም እዚህ ቤት አይገቡም" ብሎ ማስማል ማለት ነው እኮ (ናን ማለት እንደ ዜሮ ለዜሮ ሲካፈል ያለ፣ ቁጥር ያልሆነ ውጤት ነው)። ቴሌግራም ላይ "ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይሄ የናን ቼካችንን አያጠፋብንም?" አልኳቸው። የመጣልኝ መልስ የ4 ደቂቃ ቮይስ ነው። ከውስጡ የያዝኩት "አንተ ልጅ፣ አንተ ሀ ሁ ሳትቆጥር ነው እኔ ይሄን ፍላግ የለመድኩት" የምትለዋን ብቻ ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን ሪኩዌስት ቼንጅስ (አስተካክለህ መልስ) ተጭኜ እተኛ ነበር። ጋሼን ግን እንዴት ብዬ? ማውሱ በተኑ ጋ ሄደ ተመለሰ፣ ሄደ ተመለሰ፣ መጨረሻ ላይ አፕሩቭ (ይግባ) ብዬ "እሺ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ" ብዬ ጨመርኩበት። እግዜር ይስጥልኝ ለምኑ እንደሆነ እስካሁን አላውቅም።

ሪሊዙ ከወጣ በኋላ ኢሹ (የችግር ሪፖርት) ተከፈተ። ድምፁ ሲጫወት ቆይቶ በድንገት ጭጭ ይላል፣ ፕሮግራሙን ዘግተው ካልከፈቱት አይመለስም። እኔ ጋ ፋስት ማዝ የሌለበት ዲበግ ቢልድ (የመሞከሪያው) ስለሆነ ምንም የለም። ፊልተር የራሱን ውጤት መልሶ ስለሚበላ አንዲት ናን ከገባች አትወጣም፣ ናን ላይ ምን ብትደምርበት ያው ናን ነው። ለዛ ብዬ ነበር "ናን ከሆነ ስቴቱን ዜሮ አድርግ" የሚል መስመር ራሴ የጻፍኩት። ሪሊዙን በኦብጅደምፕ (የማሽን ኮዱን በሚያሳይ መሣሪያ) ገልጬ ፈለግኩት፣ ማወዳደሪያም የለ፣ ጃምፕም የለ። ኮዱ ላይ አለች፣ ባይነሪው ላይ የለችም። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ብቻዬን ጮክ ብዬ "አላልኩም!" አልኩ።

ፍላጉን አወጣሁት። ኮሚት ሜሴጁ (ከለውጡ ጋር የሚጻፈው ማብራሪያ) ጨዋ እንዲሆን ሦስቴ አስተካክዬዋለሁ፣ ግን ያው መርዙ አለበት። በዛ ላይ ማንም መልሶ ቢያበራው ቢልዱን በኤረር የምታስቆም መስመር ሄደሩ ላይ ከተትኩ።

ሳምንት ሳይሞላ ሌላ ኢሹ መጣ፣ "ዘፈኑ ሲያልቅ ሲፒዩው ይጮሃል"። ሲጫወት ሰላም ነው፣ ዝም ሲል ነው የሚያቃስተው! የሪቨርቡ ጭራ እየከሰመ ሲሄድ ቁጥሮቹ ከነጥቡ በኋላ 37 ዜሮ ከተደረደረ በታች ይወርዳሉ፣ ዴኖርማል ይሆናሉ፣ ብዙ ፕሮሰሰር ደግሞ እነሱ ላይ ሲደርስ ይንቀራፈፋል። በ48 ኪሎኸርዝ (በሰከንድ 48 ሺህ ሳምፕል፣ ማለትም የድምፅ ቅንጣት) 128 ሳምፕል ለመጨረስ ያለህ ጊዜ 2.7 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው፣ ካለፈህ ክራክ ክራክ ነው። ታዲያ ፍላጉ እያለ ለምን አልነበረም? ኮምፓይለራችን ጂሲሲ በፋስት ማዝ ሼርድ ላይብረሪ (ፕሮግራሞች ሲነሱ የሚጭኑት ለብቻው ያለ ፋይል) ሊንክ ሲያደርግ፣ ላይብረሪው ሲጫን ዴኖርማልን ዜሮ የሚያደርግ ኮድ በጎን ይጨምር ነበር፣ ይሄን ለሼርድ ላይብረሪ ያስቀረው በ2023 የወጣው ጂሲሲ 13 ነው። እኛ ያኔ ቢልድ እናደርግ የነበረው በ12 ነው። ጋሼ "ፈጠነ" ያሉት ለካ ሒሳቡ ፈጥኖ አይደለም፣ ይቺ ነች። እሳቸውም አላወቁ፣ እኔም አላወቅኩ።

ፍላጉን ሳልመልስ ኦዲዮ ኮልባኩ (ድምፁን የሚያመርተው ፈንክሽን) ሲጀምር ፍላሽ ቱ ዜሮን (ዴኖርማልን ዜሮ የሚያደርገውን) በራሳችን እንድናበራ፣ ሲወጣ ወደነበረበት እንድንመልስ አደረግኩና ፒአሩን ላክሁላቸው። ወዲያው አፕሩቭ አደረጉ፣ ከሥሩ "ፈጣን ነው ብዬህ አልነበር?"። ስለ ናኑ አንድ ቃል የለም። ረጅም መልስ ጀምሬ አጠፋሁ፣ ጀምሬ አጠፋሁ፣ መጨረሻ ላይ "አዎ ጋሼ፣ ብለውኝ ነበር" ብዬ ላክሁ። ያቺን ቢልድ የምታስቆመዋን መስመር ግን እኔም አላነሳኋት፣ እሳቸውም አንሳት ብለውኝ አያውቁም።