የአባቴ ምላጮች እጀታ ከምን ተሠራ?

አባቴ ደሴ ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ ጸጉር አስተካካይ ነበር። ሲያርፍ ከወረስኳቸው ነገሮች አንዱ የብስኩት ቆርቆሮ ነው። ውስጡ አምስት ታጣፊ የጺም ምላጮች አሉ። ዛሬ ላጭተን የምንጥለው ስስ ምላጭ አይምሰላችሁ። ጀርባው ወፍራም ነው፣ በቆዳ ጠፍር እየተሳለ ዕድሜ ልክ ያገለግላል፣ ሲታጠፍ እጀታው ውስጥ ይተኛል።

ብረቱ አላስቸገረኝም። ሦስቱ አንገታቸው ላይ «ዞሊንገን» የሚል ተቀርጾባቸዋል፤ በስለት የታወቀች የጀርመን ከተማ ናት። ያስቸገረኝ እጀታው ነው። ሁለቱ ጥቁር፣ ሁለቱ ነጭ፣ አንዱ ዥጉርጉር። ትልቁ ነጭ የዝሆን ጥርስ ነው እየተባለ ነው ያደግነው። ታናሽ ወንድሜማ እሱን ሸጦ የባጃጅ ቀብድ ሊከፍል አስቦ ነበር።

ከጥቁሮቹ ጀመርኩ። ላያቸው ሁለቱም ፕላስቲክ ይመስላሉ። የአንዱ ጠርዝ ግን እዚህም እዚያም ተቦርቡሯል። እንደ አሮጌ ጋቢ ብል በልቶታል! ብል ደግሞ ፕላስቲክ አይበላም። ጨለማ ክፍል ገብቼ የስልኬን ባትሪ ከጀርባው አበራሁ። ስስ ጠርዙ ላይ ብርሃኑ ዘልቆ እንደ ጠይም ማር ቀላ። ሁለተኛው ምንም አላሳለፈም፣ ድፍን ጥቁር።

ሰኞ ባቲ ገበያ ስሄድ የመጀመሪያውን ይዤ ሄድኩ። የቀንድ ዋንጫ የሚሠሩ አንድ አባት ተቀበሉኝ፣ ገልበጥ ገልበጥ አደረጉት። እጀታውን ገልጠው በውስጥ በኩል፣ ዓይን በማያርፍበት ቦታ፣ በሞረድ ሁለቴ ፈገፈጉት። ከዚያ አፍንጫዬ ሥር አቀረቡልኝ። የተቃጠለ ጸጉር ይሸታል። «አብሽር ልጄ፣ ቀንድ ነው» አሉኝ። ቀንድና ጸጉር ከአንድ ዓይነት ነገር ነው የሚሠሩት፣ ስለዚህ ሽታቸውም አንድ ነው። ከእሳቸው የተማርኩት መሞከሪያው ሁልጊዜ በውስጥ በኩል መሆን እንዳለበት ነው። እኔ ብሆን ፊቱን ነበር የምፈገፍገው።

ድፍን ጥቁሩን በአውራ ጣቴ እስኪሞቅ አሸሁት። ክብሪት ሲጫር የሚመጣው ዓይነት ሽታ ወጣው፣ የዲን። ይሄ በዲን የጠነከረ ጎማ ነው። ሌላም ምልክት አለው፤ ፀሐይ ያገኘው ጎኑ ወደ ቡና ዓይነትና ወደ አረንጓዴ ያደላል፣ ምላጩ የሸፈነው ግን እንደጠቆረ ነው።

ዥጉርጉሩ አላደከመኝም። የባሕር ኤሊ ቅርፊት ይመስላል። ግን ማጠፊያው ጋ ላዩ ሲፋቅ ከሥሩ ንጹሕ ቢጫ ቀንድ ወጣ። ኤሊ እንዲመስል ቀለም የነከሩት ቀንድ ነው። ትንሹ ነጭ ደግሞ ላዩ ላይ ደቃቃ ጥቁር ነጠብጣብና አጫጭር ጭረት አለው። ደም ሥር ያልፍበት የነበረው ቀዳዳ ነው። ቅልጥም ግጦ የሚያውቅ ሰው አጥንት መሆኑን አይስትም።

ቀረ ትልቁ ነጭ፣ የቤተሰቡ ኩራት። በአጉሊ መነጽር አየሁት። ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ያሉ መስመሮች፣ በማስመሪያ የተሰመሩ ይመስላሉ። እዚህ ላይ ጠረጠርኩ። የዝሆን ጥርስ መስመሩ ይወላገዳል፣ በቁመቱ ሳይሆን በወርዱ የተቆረጠው ጫፍ ላይ ደግሞ እንደ መረብ ይጠላለፋል።

አክስቴ ቡና ስታፈላ ሲኒ ውስጥ ሙቅ ውኃ ቀድቼ የእጀታውን ጫፍ ብቻ ነከርኩት። አክስቴ ሰፈር ውስጥ ሴት ስትሞት ከሚያጥቡት አንዷ ናት። ሲኒውን ሳታየው አፍንጫዋን ቀሰረች።

«ምንድን ነው እሱ? ካፉር ሸተተኝ።»

«እጀታው ነው እቴቴ።»

«የጀናዛ ሽታ ቡናዬ ላይ? ወዲያ ውሰደው!»

ለካ መልሱ እሱ ነበር። ካፉር፣ አስከሬን ሲታጠብ ውኃው ውስጥ የሚጨመረው ሽታው ኃይለኛ ነገር፣ ሴሉሎይድ የሚባለው የድሮ ፕላስቲክ አንዱ ግብዓት ነው። ጆን ዌስሊ ሃያት የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1870 የፈጠራ መብት ያወጣበት ቁስ ነው፤ የሚፈልገው ለከረምቡላ ዓይነት ጨዋታ ኳስ በዝሆን ጥርስ ፈንታ የሚሆን ነገር ነበር። እኛንም እንደ ኳሱ ሸውዶናል።

ወንድሜ አላመነም። እኔ ቡና ስጠጣ መርፌ በላይተር አግሎ ጫፉ ላይ ሰካበት። ቦግ! ከእጀታው ጥፍር የምታህል ተቃጠለች፣ እሱም ጣቱን ለበለበው። ሴሉሎይድ የድሮ ሲኒማ ቤቶችን ያቃጠለው የፊልም ቁስ ማለት ነው። የጋለ መርፌ የሚባለውን ሙከራ ማንም ቢመክራችሁ አትስሙት።

የእኔ ጥፋት ከሱ ይብሳል። አባቴ እንዳረፈ አቧራ እንዳይገባ ብዬ ቆርቆሮውን ዙሪያውን በፕላስተር አሽጌ ክረምቱን አሳለፍኩት። ሴሉሎይድ ሲያረጅ አሲድ ያለበት ጋዝ ያወጣል። መውጫ ሲያጣ ብረት ላይ ያርፋል። ስከፍተው የራሱ ምላጭ እጀታው ውስጥ በተኛበት በኩል በዝገት ተበልቷል። አጠገቡ የነበሩት ሁለትም ዝገት ጀምሯቸዋል። አባቴ ቆርቆሮውን በየቀኑ ይከፍተው ነበር፣ ለዚህ ነው ያልነካቸው።

አሁን አራቱ ሌላ ሣጥን ውስጥ ናቸው። ነጩ ከእሳት ርቆ፣ እንደተዘረጋ፣ መስኮቱ አጠገብ ያለው መደርደሪያ ላይ ለብቻው ተቀምጧል። አክስቴ ስትመጣ ገና ከደጃፍ አንዴ ወደ መደርደሪያው ታያለች፣ ከዚያ ረከቦቱን ወዲያ ማዶ ታደርገዋለች።