ገዢ ያጡ ማሽኖች

ከሰዓት ጀምሮ ሆዴ ባር ባር ይለኛል። ዝናቡ ይሁን ድካሙ እንጃ። ሥራ ቦታ ስለ አንድ የድሮ ባልደረባችን ወሬ ተነስቶ ነበር። «እሱማ ከሰረ» ተባለና ወሬው በዚያው ተዘጋ።

ማታ፣ ያው እንደምታውቁኝ፣ የድሮ ኮምፒውተሮች ፎቶ ውስጥ ገባሁ። የፈረንጆቹ 1980ዎቹ የቤት ኮምፒውተሮች ናቸው። ኮሞዶር 64 እና ስፔክትረም ወዳጅ ሞልቷቸዋል። የእኔ ልብ ያለው ከእነሱ ጎን ቆመው ገዢ ያጡት ጋ ነው።

ኢንተርፕራይዝ የሚባል የእንግሊዞች ማሽን አለ። ዛሬም ሳየው ያምረኛል። ባለቀለም ቁልፎች አሉት፤ በቀኝ በኩል ደግሞ ጆይስቲኩ እዚያው ገበታው ላይ ተተክሏል። ድምፁ ስቴሪዮ ነው። ምስሉን የሚሠራው ቺፕ ኒክ፣ ድምፁን የሚሠራው ዴቭ ይባላል፤ በሠሯቸው መሐንዲሶች ስም። ይህቺን ነገር በጣም ነው የምወዳት። ሰዎቹ ልባቸውን እንደሰጡት ያስታውቃል።

በ1983 ይመጣል ተባለ። ስሙ ተቀያየረ፣ ቀኑ ተገፋ፣ ሱቅ የደረሰው በ1985 ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ሰው ሌላ ማሽን ገዝቶ፣ የጌም ካሴቱን ሰብስቦ ጨርሷል። ጌም የሚጽፉት ደግሞ ገዢ ለሌለው ማሽን ጊዜያቸውን አያባክኑም። ጌም ከሌለ ገዢ ከየት ይመጣል? በ1986 ኩባንያው ከሰረ። እንግሊዝ አገር ስሙ «የዘገየው» ሆኖ ቀረ።

ግን ሳይሸጥ ከቀረው ውስጥ ወደ 20 ሺህ የሚጠጋው ሃንጋሪ ገባ። እዚያ ኮምፒውተር ገና ብርቅ ነበር። ልጆች ፕሮግራም መጻፍ ተማሩበት፣ ክለብ አቋቋሙ፣ የጎደለውን ፕሮግራም ራሳቸው ጻፉለት። ዛሬም የሚንከባከቡት አሉ። ማሽኑ ያው ማሽን ነው፤ አንዲት ቺፕ አልተቀየረችም። ታዲያ የከሰረው ምኑ ነው?

ሁሉም ተበድለዋል ማለቴ አይደለም። የአሜሪካኖቹ ኮሌኮ አዳም ስሙ የጠፋው በሥራው ነው። ፓወር ሰፕላዩን፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን ክፍል፣ ፕሪንተሩ ውስጥ ከተቱት። ፕሪንተሩ ከተበላሸ ኮምፒውተሩም አይነሳም። ይባስ ብሎ፣ ማሽኑ ሲበራ የሚለቀው የኤሌክትሮማግኔት ሞገድ ውስጡ የተረሳ ካሴት ላይ ያለውን ሊያጠፋ ይችል ነበር። አንድ ተማሪ ሌሊቱን የጻፈው ጽሑፍ ጠዋት ሲያበራው ድራሹ ሲጠፋ አስቡት! በ1983 መጨረሻ ወጣ፣ በ1985 መጀመሪያ ኮሌኮ እርግፍ አድርጎ ተወው። ለዚህ አልከራከርም።

የምከራከረው ለጁፒተር ኤስ ነው። ስፔክትረምን ከሠሩት መካከል ሁለቱ፣ ሪቻርድ አልትዋሰር እና ስቲቨን ቪከርስ፣ ወጥተው በ1982 የራሳቸውን ሠሩ። ሌላው ሁሉ ቤዚክ የሚባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ሲያስተምር እነሱ ፎርዝ የሚባለውን መረጡ። ፎርዝ ከቤዚክ በብዙ እጥፍ ይፈጥናል፣ ትንሽ ሜሞሪ ይበቃዋል። ማሽኑ ግን ቀለም የለውም፤ ሜሞሪው 3 ኪሎባይት ብቻ ነው። በዚያው ዓመት ስፔክትረም ቀለም ይዞ፣ ትንሹ እንኳ 16 ኪሎባይት ሆኖ መጣ። ሱቅ ገብቶ ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ወላጅ የትኛውን ይገዛል? ስለ ቋንቋው ፍጥነት ማን ያስረዳዋል? በ1983 ማብቂያ ላይ ኩባንያው አልነበረም።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። የማን ስም፣ ማን ያወጣው ስም? እንግሊዛዊው «የዘገየው» ሲለው ሃንጋሪያዊው «የመጀመሪያዬ» ይለዋል፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ኢንተርፕራይዝ ሁለተኛ አገር አገኘ። ጁፒተር ኤስስ? እሱንም ፎርዙን ወዶለት የሚቀበለው አገር የሆነ ቦታ ነበር ይሆን?