ዌንዶቨር፦ ጨው ሜዳ ላይ የተደበቀው የአየር ኃይል ሰፈር

ኢንተርኔት ላይ 60 ዶላር ያየነው ክፍል ሂሳብ ስንከፍል ከ100 አለፈ። "የአገልግሎት ክፍያ" ነው አሉን። የምን አገልግሎት? ክፍሉ ሲጋራ ሲጋራ ይሸታል፣ ከታች ደግሞ የቁማር ማሽኑ ሲንጫጫ አደረ። አዲስ አበባ ፔንሲዮን ቢሆን ባለቤቷን አስጠርቼ አፍ እካፈት ነበር፤ እዚህ የምትጨቃጨቀው ከስክሪን ጋር ነው።

ዌንዶቨር አሜሪካ ውስጥ ዩታና ኔቫዳ በሚባሉ ሁለት ግዛቶች ድንበር ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ዩታ ቁማር ስለማትፈቅድ ካዚኖዎቹ በሙሉ ኔቫዳ በኩል ተደርድረዋል። ከሶልት ሌክ ሲቲ በመኪና ሁለት ሰዓት አይሞላም፣ መንገዱም ጨው በጨው ነው፤ ሌላ የሚወራ የለውም።

እኛ ግን የሄድነው ለቁማር ሳይሆን ዩታ በኩል ላለው አሮጌ የጦር ሰፈር ነው። የአሜሪካ ጦር ግንባታውን የጀመረው በፈረንጆቹ 1940 ነው (ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው)። ባቡር በአጠገቡ ያልፋል፣ ሜዳው ዓይን እስኪደክም ድረስ ባዶ ነው፣ ሰው ብርቅ ነው፤ ቦምብ መጣል ለሚለማመድ ከዚህ የተሻለ ከየት ይመጣል? መጀመሪያ የቢ-17 እና የቢ-24 ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች አብራሪዎች ሠለጠኑበት። በ1944 መስከረም ላይ ግን ኮሎኔል ፖል ቲቤትስ ቦታውን ለሌላ ጉዳይ፣ ለአቶሚክ ቦምብ ልምምድ መረጡት፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ውስጥ ቦምቡን የሚጥለው ጦር፣ 509ኛው ጥምር ክፍል፣ እዚሁ ተቋቋመ።

ሰፈሩ ባለው ሙዚየም ውስጥ አንድ በጎ ፈቃደኛ ሽማግሌ አገኘን። ከየት እንደመጣን ጠይቀው ኢትዮጵያ ስንላቸው ደስ አላቸውና "ኑ፣ ጉድጓዱን ላሳያችሁ" ብለው በራሳቸው መኪና ወሰዱን። ሳንቲም አልተቀበሉንም፤ የሌሊቱ ንዴቴም እዚያው በረደ።

ጉድጓዱ በሲሚንቶ የተሠራ ነው፣ ዳር ዳሩን ደረቅ ሣር በቅሎበታል። ሥራው ቀላል ነው። ቦምቡ ትልቅ ስለሆነ ከሚጥለው አውሮፕላን፣ ከቢ-29 ሆድ ሥር አይገባም። ስለዚህ መጀመሪያ ጉድጓድ ውስጥ ያስቀምጡታል፣ አውሮፕላኑን ከላዩ ያቆማሉ፣ ከዚያ በማንሻ ወደ ላይ ይገፉታል። ሂሮሺማ ላይ የወደቀው 44 ኩንታል ገደማ ይመዝን ነበር። እዚህ ሲለማመዱ የነበረው ግን ኒውክሌር በሌለው አምሳያ ነው።

የገረመኝ ሌላው ነው። አብራሪዎቹ ልጆች ቦምቡን ከለቀቁ በኋላ አውሮፕላኑን በፍጥነት ወደ ኋላ አጥፈው መሸሽን ደጋግመው ይለማመዱ ነበር፤ ለምን እንደሚሸሹ ግን የሚነግራቸው አልነበረም። ፈቃድ ወጥቶ ወሬ ያፈሰሰ ካለም ሰላይ ጆሮውን ጥሎ ይጠብቀው፣ ከክፍሉም ይባረር ነበር አሉ ሽማግሌው። ቲቤትስ ኢኖላ ጌይ የተባለውን ቢ-29 ይዘው ወደ ሂሮሺማ ነሐሴ 6 ቀን 1945 የተነሡት ፓሲፊክ ውቅያኖስ ላይ ካለችው ከቲንያን ደሴት ነው። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ሂሮሺማ ላይ ያለቀው ሰው 140 ሺህ ገደማ ይገመታል።

አውሮፕላኑ ያድርበት የነበረው ሃንጋር አሁን ታድሷል፣ ሜዳውም የሲቪል ማረፊያ ሆኗል። ጓደኛዬ እድሳቱ አልጣመውም፤ "ለዚህ ብሎ ቀለም መቀባት ምን ይሉታል?" አለ። እኔ ደግሞ ይታደስ ባይ ነኝ፤ ያልቆመ ነገር ፊት ሰው አይጠይቅም። በዚህ ስንጨቃጨቅ ሶልት ሌክ ደረስን።