ሲዲው አልወጣ ሲል ቢላ አታንሱ

ሲዲ ወይም ዲቪዲ ድራይቭ ውስጥ ገብቶ አልወጣም ሲል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው ቢላ ወይም ካቻቢቴ ነው። እባካችሁ ተዉት። ድራይቩ የሞተ ቢሆን እንኳ ዲስኩን ሳይጫር ማውጣት ይቻላል። ዲስኩ ላይ ያለው ደግሞ ሌላ ቦታ የሌለ የቤተሰብ ፎቶ ሊሆን ይችላል። ድራይቭ ይተካል፣ ፎቶው ግን አይተካም።

መጀመሪያ የያዘው ኮምፒውተሩ ራሱ እንዳይሆን እዩ። ከዲስኩ ላይ ቪዲዮ የሚያጫውት ወይም ፋይል የሚገለብጥ ፕሮግራም ክፍት ከሆነ ድራይቩ ላይ ያለውን የመክፈቻ ቁልፍ ብትጫኑትም ዝም ሊላችሁ ይችላል። ሁሉንም ዝጉ። ዊንዶውስ ላይ የድራይቩን ምልክት ቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ ኢጀክት (Eject፣ አስወጣ) በሉት። ካልሰማ ሪስታርት አድርጉና ሲስተሙ ገና ሳይነሳ የድራይቩን ቁልፍ ተጫኑ፤ ድራይቩን የቆለፈው ሶፍትዌር ከነበረ በዚያ ሰዓት ይለቀዋል። ድራይቭ ያላቸው የድሮ ማኮች ላይ ደግሞ ሲነሳ የማውሱን ቁልፍ ተጭኖ መቆየት ነው።

ይሄ ሁሉ ካልሠራ ቀዳዳዋ አለች። ከድራይቩ ፊት ለፊት፣ የአግራፍ ሽቦ የምታስገባ ትንሽ ክብ ቀዳዳ። ብዙ ሰው ለዓመታት እያያት ለምን እንደተሠራች አያውቅም፤ የተሠራችው ለዚሁ ነው። ኮምፒውተሩን አጥፉና ከሶኬት ንቀሉት። ይሄን አትዝለሉት፣ ፈጣን ድራይቭ ውስጥ ሲዲ በደቂቃ ወደ 10,000 ዙር ሊሽከረከር ይችላል። አግራፉን ዘርጉና ቀጥ አድርጋችሁ አስገቡት። የሆነ ነገር ሲገታው ሲሰማችሁ ቀስ ብላችሁ ግፉ። ትሪው፣ ዲስኩ የሚቀመጥበት ተንሸራታች ሳህን፣ ትንሽ ወጣ ሲል በጣት ይዛችሁ ሳታጣምሙ ሳቡት። ስቴኪኒ አትጠቀሙ፣ ውስጥ ይሰበራል። አንዳንድ የቆዩ ድራይቮች ላይ የሄድፎን መሰኪያም ስላለ አታምታቱት፣ እሱ ሰፋ ያለ ነው።

ትሪው ትንሽ ወጥቶ ከተገታስ? እንግዲያው ዲስኩ ከቦታው ወጥቶ ይሆናል። በተለይ ድራይቩ በጎኑ ከቆመ ይሄ ያጋጥማል። እየጎተቱ መታገል ዲስኩንም ትሪውንም ይሰብራል። ድራይቩን ከኮምፒውተሩ አውጥቶ የታችኛውን ክዳን መፍታት ይሻላል፤ ብዙውን ጊዜ 4 ብሎን ነው።

የሚያስቸግሩት ትሪ የሌላቸው፣ ዲስኩን በስንጥቅ የሚውጡት ናቸው። አብዛኞቹ ቀዳዳም የላቸውም። ስንጥቁ ወደ መሬት እንዲያይ ኮምፒውተሩን አዘንብላችሁ ኢጀክት ማለት አንዳንዴ ይሠራል። ካርድ አስገብቶ መፈልፈል ግን እኔ አልመክርም፣ ዲስኩን የሚያነበው ሌንስ እዚያው ውስጥ ነው። እነዚህ የተሠሩት ለ12 ሴንቲሜትር ዲስክ ስለሆነ ትንሿን 8 ሴንቲሜትር ዲስክ አትስጧቸው። የወረቀት ስቲከር የተለጠፈበትንም እንዲሁ። ውስጥ ሲሞቅ ይላቀቅና ጠቅላላ ይጣበቃል።

ትሪው በየጊዜው የሚጣበቅ ከሆነ፣ ሞተሩ ሲያጓራ እየተሰማ በሩ ግን የማይከፈት ከሆነ፣ የዴስክቶፕ ድራይቭ ላይ መጀመሪያ የምጠረጥረው ቺንጋዋን ነው። ትሪውን የምታንቀሳቅስ ትንሽ የጎማ ቺንጋ አለች፤ ስታረጅ ትላላለች፣ ትንሸራተታለች። በአልኮል ቢያጸዷት ለጊዜው ትይዛለች፣ መፍትሔው ግን መቀየር ነው።

ዲስኩ ከወጣ በኋላ መሀል ቀዳዳው ዙሪያ ስንጥቅ እንዳለው ብርሃን ላይ ይዛችሁ እዩት። ከተሰነጠቀ ድራይቭ ውስጥ አትመልሱት፣ በዚያ ፍጥነት ሲሽከረከር ሊፈነዳ ይችላል።